ምንም አትረባም

እናቴ አንድ ቀን አመስግናኝ አታውቅም። ከእኔ በፊት የወለደቻቸው ሁለት ልጆች በጨቅላነታቸው ስለሞቱባት እኔን «ይች የማትረባ» እያለች ነው ያሳደገችኝ። እንግዳ መጥቶ «መቼም ልጅሽ አደገችልሽ» ሲላት ፊቷን አጥቁራ «ምኗ አደገ? ለበላችው እህል ነው የማዝነው» ትለዋለች። እንግዳውም የአገሩ ሰው ነውና ነገሩ ይገባዋል፤ «እሱስ እውነትሽን ነው፣ ምንም አትረባም» ብሎ ያግዛታል። እኔ ጓዳ ሆኜ ይህን ስሰማ ደስ ይለኛል። የሰው ዓይን እንዳያርፍብኝ እየተከላከለችልኝ መሆኑን ማንም ቁጭ አድርጎ አልነገረኝም፤ አፌን ከመፍታቴ በፊት ጀምሮ የማውቀው ይመስለኛል። ሕክምና ትምህርት ቤት የገባሁ ዕለት «እንግዲህ ለበሽተኛው እግዜር ይዘንለት» አለች። ከዚያ የበለጠ የሚያኮራ ነገር ተብዬ አላውቅም።

ዛሬ የማህፀንና ጽንስ ሐኪም ነኝ። የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። በምሠራበት ሆስፒታል ስፔሻሊስት ለመሆን የሚመጡ ወጣት ሐኪሞችን፣ ሬዚደንቶቻችንን፣ አስተምራለሁ። ሥራዬን እወዳለሁ፤ የማልወደው በየዓመቱ የሚመጣውን የምርጫ ሰሞን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስፔሻላይዝ ማድረግ የሚፈልግ ጠቅላላ ሐኪም በመላው አገሪቱ የሚሰጠውን ፈተና ይፈተናል፤ ከዚያ የሚፈልገውን የሕክምና ዘርፍና ሆስፒታል በቅደም ተከተል ያስቀምጣል። እኛ ደግሞ በየክፍላችን ቃለ መጠይቅ እናደርግና አመልካቾቹን አንደኛ፣ ሁለተኛ እያልን ደረጃ ሰጥተን እንልካለን። የእነሱንና የእኛን ምርጫ አገናኝቶ የሚያዛምደው ኮምፒውተር ነው። ማች ይሉታል። እኔ ሽማግሌ የሌለበት ጋብቻ እለዋለሁ፤ ሙሽሪትም ትጽፋለች፣ የሙሽራው ቤትም ይጽፋል፣ ማሽኑ ያጋባል። ባልደረቦቼ ይስቃሉ። እኔ ግን ለሳቅ ብዬ አይደለም የምናገረው፤ በዚያ ቅደም ተከተል ላይ አንድ ቦታ ዝቅ ያለ ሰው ዕድሜውን ሙሉ የሚሠራው ሥራ ሊለወጥበት ይችላል።

ይህ የምነግራችሁ ነገር በሆነበት ዓመት ቃለ መጠይቅ አድራጊው ኮሚቴ ውስጥ ሦስት ነበርን። ሰብሳቢው የክፍላችን ኃላፊ ነው፤ ተወልዶ ያደገው አዲስ አበባ ሲሆን ወደ እኛ ከመጣ ቆየት ብሏል። ጎበዝ ሐኪምና ቀጥ ያለ ሰው ነው፤ ቀጥ ማለቱ አንዳንዴ እንደ ማስመሪያ ያደርቀዋል እንጂ ክፋት የለበትም። ሁለተኛው ከትምህርት በቅርቡ የወጣ ወጣት ስፔሻሊስት ነው፤ ኃላፊው ካለው አይወጣም። ሦስተኛዋ እኔ ነኝ፤ ነገር ካልጣመኝ ዝም ማለት አልችልበትም።

ቃለ መጠይቁ ሊያልቅ ሲል የቀረን አንድ ቦታ ብቻ ነበር። ለዚያ ቦታ የተፎካከሩት ሁለት ናቸው። አንደኛው በትልቅ ከተማ የሠራ ወጣት ነው። ኮቱ አምሮበታል፤ ሲጠየቅም ዜና እንደሚያነብ ሰው ሳይደናቀፍ ይመልሳል። ሁለተኛዋ ከደብረ ማርቆስ በመኪና ሁለት ሰዓት ግድም ከምትርቅ ትንሽ የገበያ ከተማ የመጣች ሴት ሐኪም ናት። ስትገባ ጫማዋን በሶፍት ጠርጋው እንደነበር ያስታውቃል፤ የመንገዱ አቧራ ግን ከቀሚሷ ጫፍ አልለቀቀም። የእጇ ቆዳ ከመታጠብ ብዛት ተሰነጣጥቋል። እንዲህ ያለ እጅ የማን እንደሆነ የሙያው ሰው ያውቀዋል። በፊትም አመልክታ አልተሳካላትም፤ መሥሪያ ቤቷ እንድትማር የሰጣት ፈቃድ ደግሞ ዘንድሮ ያበቃል። ዘንድሮ ካለፋት ስፔሻሊስት የመሆን ነገር አከተመ ማለት ነው።

«ከሌሎቹ ይልቅ አንቺን ለምን እንምረጥ?» አላት ሰብሳቢው። ሁሉንም የሚጠይቀው ጥያቄ ነው።

ወደ እጇ አቀርቅራ ቆየች። «እንጃ» አለች በመጨረሻ። «ከእኔ የሚሻል ካለ እሱን ውሰዱ።»

ሰብሳቢው ቀና ብሎ አየኝ። እኔ ኮርኒሱን አየሁ። በሆዴ «አንቺ ልጅ፣ ለዛሬ እንኳ ምናለ» እላለሁ። ግን ከየት ታምጣው? እሷ ባደገችበት ቤት «እኔ እበልጣለሁ» ማለት እንግዳ ሳይቀርብለት ቀድሞ ማዕድ ላይ እጅ እንደ መስደድ ነው።

«ኦፕራሲዮን ትሠሪያለሽ?» አልኳት፣ መውጫ እንድታገኝ ብዬ።

«ትንሽ ትንሽ እሞክራለሁ።»

«በኦፕራሲዮን የሚያዋልድ ሌላ ሰው አላችሁ?»

«የለንም። የነበረው ተዛውሮ ሄደ።»

«ታዲያ ምጥ የጠናባት ሁሉ የት ትሄዳለች?»

«እኔ ጋ ነው የምትመጣ» አለች፣ ጥፋቷን እንደምታምን ሰው ድምጿን ዝቅ አድርጋ። ከዚያ በኋላ የተጠየቀችውን ሁሉ በአጭር በአጭሩ መልሳ፣ እጅ ነስታ ወጣች።

ሰብሳቢያችን አንድ ልማድ አለው። አመልካቹ የሚሠራበት ቦታ ይደውልና አለቃውን ሁላችንም እየሰማን በስፒከር ይጠይቃል። ማንም በጆሮ እንዳያንሾካሹክ፣ ሁሉም እኩል እንዲመዘን ብሎ ያመጣው ነው፤ ይኮራበታልም። መጀመሪያ የወጣቱ አመልካች አለቃ ጋ ደወለ። ሰውየው ገና «ሃሎ» ሲል የእኛ አገር ሰው መሆኑን አወቅሁ።

«እሱን ነው?» አለ። «እሱማ ማር ነው። ንግግሩን ሰምታችሁት የለም? በዓል በመጣ ቁጥር ንግግር የሚያደርግልን እሱ ነው። ስብሰባ ካለ ማንም አይቀድመውም። እንግዳ ሲመጣ የሚቀበልልን እሱ፣ የሚሸኝልን እሱ። እሱን የመሰለ ከየት ይገኛል?»

ስለ በሽተኛ አንድ ቃል አልወጣውም። ሳቄ አመለጠኝ። ሰብሳቢው ገላመጠኝና መጻፉን ቀጠለ።

ከዚያ የሴቲቱ አለቃ ጋ ደወለ። የዚያን ሆስፒታል ሥራ አስኪያጅ በዝና አውቃቸዋለሁ። በጤና መኮንንነት ጀምረው ዕድሜያቸውን እዚያው የጨረሱ፣ ጡረታ ደጃፍ ላይ ያሉ አዛውንት ናቸው። ዘመናዊ ትምህርት ቤት ከመግባታቸው በፊት በልጅነታቸው ዲማ ቅኔ ቆጥረዋል ይባላል። ሰላምታ ስሰጣቸው «አንች ደሞ የወዴት ነሽ?» አሉኝ። እኔም የዲማ አካባቢ ልጅ መሆኔን ነገርኳቸው። «እሰይ» አሉ። ሰብሳቢው ስለ ልጅቷ የሚያውቁትን በግልጽ እንዲነግሩን ለመናቸው።

ሲያስቡ ቆዩ።

«እሷን ነው? ኧረ እሷስ ምንም አትረባም» አሉ። «እንዴው ውሰዱልንና እንረፍ። እንቅልፍ የላት፣ ዕረፍት የላት። ሰዉንም አስለምዳ አስለምዳ፣ ይኸው አሁን እሷ ካላየችኝ የማይል የለም። እኛንም አስቸገረችን። ምን ልትሆናችሁ ትፈልጓታላችሁ?»

ሰብሳቢው አመስግኖ ዘጋ። እስክሪብቶውን አንሥቶ «እንግዲህ ሰማችሁ። የገዛ አለቃዋ አትረባም አለ» አለ።

«ውሰዱልን እንረፍ ነው ያሉት» አለ ወጣቱ ስፔሻሊስት።

«እያመሰገኗት ነው» አልኩ።

ሁለቱም ዞረው አዩኝ።

«አትረባም ማለት ነው ምስጋና?» አለ ሰብሳቢው።

«በእኛ አገር፣ አዎ። እንዲህ የሚባለው የሚሳሱለት ሰው ነው። ሰው ሁሉ እሷ ካላየችኝ ይላል ሲሉ አልሰማህም?»

«እሺ፣ በእናንተ አገር ሰው ሲሰደብስ እንዴት ነው የሚሰደበው?»

ያለኝ መልስ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም እንደማይረዳኝ አውቄአለሁ። «ሲመሰገን» አልኩ።

ወጣቱ ስፔሻሊስት ሳቀ። ሰብሳቢው ግን አልሳቀም። «ስለዚህ ያኛው ልጅ አሁን ተሰደበ በይኛ?»

«ተሰደበ እንጂ። ወሬኛ ነው፣ ሥራ የለውም ነው ያለህ ሰውየው።»

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «እኔ የምጽፈው የተባለውን ነው፤ አንቺ የምትሰሚው ያልተባለውን። ነገ ያ ልጅ መጥቶ ለምን ጣላችሁኝ ቢለኝ ምን ልበለው? ዶክተሯ ምስጋናህን ስድብ አድርጋ ሰማችው ልበለው?» ዝግ ብሎም ጨመረ። «ደግሞ የአገርሽ ልጅ ስለሆነች እንዳይሆን።»

ወንበሬን ገፍቼ ተነሣሁና መስኮቱ ጋ ሄጄ ጀርባዬን ሰጠሁት። በዚህ ዘመን ከዚያ የከፋ ነገር ለሰው አይባልም። ይበልጥ ያናደደኝ ግን አይደለም ብዬ መማል አለመቻሌ ነው። ልጅቷን አላውቃትም፣ ዘመዴም አይደለችም። ግን እሷን ሳያት እናቴ ቤት የበላሁትን እህል የበላች መስሎኝ ነበር። ይህ አድልዎ ይሁን ማስተዋል እኔም አልለየሁትም።

እሱም መናገሩ ጸጸተው መሰለኝ፣ ወደ መስኮቱ መጣ። «ዝርዝሩ የሚላከው ሰኞ ነው» አለኝ። «እስከዚያ ሰውየው አንድ ግልጽ ቃል ከተናገሩ እቀይረዋለሁ፣ እሷን አስቀድማለሁ። ግልጽ ቃል ብቻ ነው የምጠይቅሽ።»

በስልክ እንደማይሆን ስላወቅሁ ቅዳሜ በጠዋት ሚኒባስ ተሳፈርኩ። የጤፍ አጨዳ ሰሞን ነበር፤ የጮቄ ተራራ ደመናውን ተከናንቧል፣ መንገዱ ዳር አጫጆች ተሰልፈዋል። ረዳቱ ገበያተኛውን ከነዶሮው እላያችን ላይ ይጭናል። እኔ መንገዱን ሙሉ ለአዛውንቱ የምለውን ሳደራጅ ሄድኩ። ነገሩ ቀላል መስሎኝ ነበር፤ አንድ ጊዜ «ጎበዝ ናት» ብለው ስልክ ላይ ቢናገሩልኝ ያበቃል።

ስደርስ አዛውንቱ በሆስፒታሉ ግቢ ዛፍ ሥር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ፊት ለፊታቸው ሆዳቸው የገፋ ሴቶች ከነአስታማሚዎቻቸው ሣሩ ላይ ተራ ይጠብቃሉ። የገበያ ቀን ስለሆነ አንዳንዷ ከጎኗ ቅል አስቀምጣለች፤ ቅቤዋን ሸጣ ለመታየት የመጣች ናት። እጅ ነሥቼ ማን እንደሆንኩ ነገርኳቸው።

«በድምፅሽ አወቅሁሽ» አሉኝ። «ነይ ተቀመጭ።»

«አባቴ፣ ስለ ዶክተሯ በግልጽ ይንገሩን ብለንዎት ነበር።»

«በግልጽ ነው የተናገርኩ።»

«ለእኔ ግልጽ ነው። ሰብሳቢያችን ግን አልገባውም። እውነት አትረባም ያሉት መስሎታል።»

«ያ የአዲስ አበባው? እሱስ እንደማይገባው አውቄአለሁ» አሉ።

ያዘጋጀሁት ንግግር ሁሉ ጠፋብኝ። ቀስ ብዬ «እያወቁ ነው?» አልኳቸው።

በዱላቸው ጫፍ መሬቱን ጫር ጫር አደረጉ። «አየሽ ልጄ፣ እሱ እንደ ቃሉ ይሰማዋል፤ አንች ደሞ እንደኛ ትሰሚዋለሽ። እሱ ከረታ ትቀርልናለች። አንች ከረታሽ ትሄዳለች። ትቅርልን ብዬ በስሟ ልዋሽ? ምን በድላኝ! ትሂድ ብዬ ደሞ እነዚህን የት ላድርጋቸው?» አሉና በአገጫቸው ወደ ሴቶቹ አመለከቱ። «መፍረድ አቃተኝ። አቃተኝና ለሁለታችሁም የሚሆን ቃል ጣልሁ።»

«እኛ ላይ ጣሉት ይበሉኛ።»

«እናንተ ላይ ጣልሁታ። ስፔሻሊስቶቹ እናንተ አይደላችሁ?» አሉ፣ ዓይናቸው ውስጥ ትንሽ ፈገግታ መጥቶ ጠፋ።

ተናደድኩ። ያን ያህል መንገድ የመጣሁት ያልገባውን ሰው ላስረዳ ነበር፤ አሁን ያልገባኝ እኔ ነኝ። ስታበቃ ስፔሻሊስት ሆና ትመለስላችኋለች ልላቸው አፌን ከፈትኩ። አዛውንቱ ያሰብኩትን አውቀው ቀደሙኝ።

«ትመለሳለች?»

ከእንዲህ ዓይነት ከተማ ሄደው የተመለሱትን በሐሳቤ ፈለግሁ። እኔ ራሴ ወደ ተወለድኩበት አልተመለስኩም፤ ደብረ ማርቆስ ነው የቀረሁት። ልዋሻቸው አልቻልኩም።

«ካልሄደችስ?» አልኳቸው በምትኩ። «ዘንድሮ ካለፋት እኮ አበቃላት።»

«አውቃለሁ። እሱ ነው የገደለኝ።»

ይህን እያወራን ልጅቷ ከኦፕራሲዮን ክፍሉ ወጣች። ማስኩ አንገቷ ላይ ነው፣ ግንባሯ ላይ የቆቡ ሰምበር ቀርቷል። ስታየኝ ደነገጠች፤ ለምን እንደመጣሁ ገብቷታል። ግን አልጠየቀችም። ጎንበስ ብላ ሰላም አለችኝና «ሻይ ይምጣልዎት?» አለች። መልስ ሳልሰጣት ከውስጥ ነርሷ ጠራቻት፤ ይቅርታ ብላኝ እየሮጠች ተመለሰች። ሣሩ ላይ ያሉት ሴቶች ሁሉ በዓይናቸው ሸኟት። አዛውንቱም በሩ እስኪዘጋ ድረስ አዩአት።

ከዚያ ዱላቸውን ተመርኩዘው ተነሡ። ጋቢያቸውን አስተካከሉ። «ደውይለት» አሉኝ።

ደወልኩና ስፒከር ላይ አድርጌ አቀበልኳቸው። ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆመው ነው የተናገሩት።

«ዶክተር፣ ስለ ልጅቱ ጠይቃችሁኝ ነበር። ጎበዝ ነበረች። እጇ ንጹሕ ነበር፤ እሷ የነካችው ቁስል ሲያመረቅዝ አላየንም። መብራት ሲጠፋብን በእጅ ባትሪ ስታዋልድ ኖራለች። የራሷን ደም ሰጥታ ያተረፈቻት ሴት አለች፤ ለማንም እንዳትነግሩ ብላን ነበር። ደሃ ከሀብታም አትለይም ነበር። ስትቆጣ ሰምተናት አናውቅም። እንደሷ ያለ መጥቶልን አያውቅም፣ ከእንግዲህም የሚመጣልን አይመስለኝም።»

እያንዳንዱ «ነበር» ሲወጣ ሰውነቴን ይሰቀጥጠኝ ጀመር። በእኛ ዘንድ ሰው በሙሉ አፍ የሚሞገሰው ሲሞት ነው። በሕይወቱ ሳለ የማይረባ የተባለው ሁሉ የዚያን ቀን ለቅሶው ላይ ጉብዝናው ይነገርለታል፤ የሚናገሩለትም ቆመው ነው። እናቴ ስትሞት ጎረቤቶቿ ስለ እሷ ያሉትን ሰምቼ ያላለቀስኩትን ያህል፣ እዚያ ዛፍ ሥር አለቀስኩ። ከሴቶቹ አንዷ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ወሰደች፤ እሷም ሰምታለች፣ ምን እንደሆነም ገብቷታል።

«አመሰግናለሁ አባቴ፣ አሁን ግልጽ ነው» አለ ሰብሳቢው ወዲያ ማዶ ሆኖ፤ ድምፁ ከወትሮው ለስልሷል። «ይህን ያን ዕለት ለምን አልነገሩንም?»

«ያን ዕለት የኛ ነበረቻ» አሉና ስልኩን መለሱልኝ።

ሰኞ ሰብሳቢው ቃሉን ጠበቀ፤ እሷን አስቀድሞ ላከ። ያ ወጣት ሌላ ከተማ ሌላ ዘርፍ ደረሰው ሲሉ ሰማሁ። አንዳንዴ አስበዋለሁ። አለቃው ያን ዕለት ከልቡ አመስግኖት ከነበረስ? ጆሮዬ ትክክል ስለመሆኑ ያረጋገጥኩት ለአንዷ ብቻ ነው፤ ስለ እሱ ማንንም ሄጄ አልጠየቅሁም።

ልጅቷ አንድ ሻንጣ ይዛ መጣች። አዛውንቱ ያሉት ሁሉ እውነት ሆነ፤ ከዚያም ያልነገሩን ብዙ ነበር። ሰብሳቢው በጠዋት ዙር ላይ ሲጠይቃት መልሱን እያወቀች መጀመሪያ ሌሎቹ እንዲመልሱ ትጠብቃለች፤ እሱም ቀስ በቀስ ለምዶ እሷን መጨረሻ ላይ መጠየቅ ጀመረ።

ክረምቱ ሲገባ፣ አንድ ቀን ረፋዱ ላይ፣ ከዚያችው ከተማ አንዲት ወላድ መጣች። እዚያ የልጅቷን ቦታ የሚተካ ሐኪም ገና አልተላከም። ሴትየዋ ምጥ ከጠናባት በኋላ ወደ እኛ ተላከች፤ መንገዱ ጭቃ ሆኖ አምቡላንሱ ሲያዝ ሲለቀቅ ቆይቶ ነው የደረሰው። በር ላይ የተቀበለቻት ተረኛዋ ሬዚደንት ራሷ ልጅቷ ነበረች። ሴትየዋ ቃሬዛው ላይ ሆና ዓይኗን ገለጠችና እጇን ያዘቻት።

«እዚህ ነሽ እንዴ?» አለቻት። «እኔ እኮ እዚያ ስፈልግሽ ነበር።»

አብረን ገባን። የቻልነውን ሁሉ አደረግን። እናቲቱ ተረፈች፤ ልጁ ግን ሲወጣ ሕይወት አልነበረውም። ወንድ ነበር።

ስንጨርስ ልጅቷ እጇን ልትታጠብ ቧንቧው ጋ ቆመች። ታጠበች፣ ደግማ ታጠበች፣ ውሃውን መዝጋት አቃታት። አጠገቧ ሄጄ ዘጋሁላት።

«እዚያ ብሆን ኖሮ» አለችና አቆመች። ቀሪውን ሁለታችንም አወቅነው። እዚያ ብትሆን ኖሮ ልጁ ይተርፍ ነበር። እዚያ እንዳትሆን ያን አንድ ቃል ልፈልግ የሄድኩት ደግሞ እኔ ነኝ። ዛሬም ቢሆን እሄድ ነበር ይሆን? አላውቅም። ጎበዝ ሐኪም ተምራ ብዙ ሴቶችን ታድናለች ብዬ ለራሴ እነግረዋለሁ፤ እውነትም ነው፤ ግን ለዚያች እናት ቀርቤ የምነግራት ነገር አይደለም።

ኮሪደሩ ላይ ወጥቼ ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ። ስልኬ ጮኸ፤ አዛውንቱ ናቸው። አምቡላንሱ መድረሱን ሰምተው ነው የደወሉት። የሆነውን ሳልሸፋፍን ነገርኳቸው። ይወቅሱኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢወቅሱኝ እንዴት በቀለለኝ። እሳቸው ግን «እናቲቱን እንኳ አተረፈልን» አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁኝ።

«የኛይቱስ? እንዴት ናት?»

በበሩ መስታወት ወደ ውስጥ አየሁ። ልጅቷ ዓይኗን ጠርጋ ከሴትየዋ አልጋ አጠገብ ተቀምጣለች፤ የሴትየዋ እጅ በሁለት እጇ መሐል ነው፣ ጎንበስ ብላ በጆሮዋ የሆነ ነገር ትነግራታለች። ያን ጊዜ ስለ እሷ ልናገር የምችለው ሁሉ ምላሴ ጫፍ ላይ መጣ። እሳቸው ዛፉ ሥር ቆመው ካሉት የሚበልጥ እንጂ የሚያንስ አልነበረም። ላወጣው ስል ፈራሁ። ይህን ሁሉ ዓመት የተማርኩ ሐኪም፣ ፈራሁላት።

«ምንም አትረባም» አልኳቸው።

«ተመስገን» አሉና ዘጉት።